ላባዋ ምን ነካው? የጓሮ ዶሮ እንግዳ ላባ ከዘር መሆኑን ደረጃ በደረጃ መለየት

አንገቷ ላይ አንድም ላባ የሌላት ጫጩት ከእንቁላል ወጣች። ደህና የነበረች ቄብ ጀርባዋ በድንገት ተራቆተ። ስንት ጊዜ ጫጩት ያሳደገች እናት ዶሮ የአውራ ጅራት አበቀለች። ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ፣ እንዲህ ያለ ነገር ግቢ ውስጥ ሲታይ ብይኑ ከአጥር ማዶ ይመጣል። አንዱ «ቅንቅን ነው» ይላል። ሌላው «ዘሯ ነው፣ እንቁላሏን እንዳታሳቅፉ» ይላል። ሦስተኛው ሽንኩርት መክተፍ ይጀምራል።

አብሽሩ፣ ቢላዋው ይቆይ። ጓሮ ውስጥ የሚታየው የላባ ችግር አብዛኛው ከዘር ጋር አይገናኝም። ከዘር የሚመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ችግር አይደለም። ሁለቱን ለመለየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ደብተር፣ የስልክ ካሜራ፣ ባለ ቀለም ክር፣ የእጅ ባትሪና ነጭ ጨርቅ ይበቃል። ትዕግሥት ግን ያስፈልጋል፤ የመጨረሻው ሙከራ ብዙ ወር ይፈጃል። ብዙ ሰው እዚያ ሳይደርስ መልሱን ያገኛል፣ ቅደም ተከተሉን ካልዘለለ።

ደረጃ 1፦ «መቼ ጀመረ?»

ከሁሉም ጥያቄ ይሄ ይበልጣል። በዘር የሚመጣ የላባ ለውጥ ከመጀመሪያው ላባ ጀምሮ አብሮ ነው። መላጣ አንገት የሆነች ጫጩት ከእንቁላል በወጣችበት ቀን አንገቷ ራቁቱን ይታያል። ላባው ወደ ውጭ የሚጠቀለል ዶሮ ደግሞ ጫጩት ሳለ የሚለብሰው ለስላሳ ጠጉር ብቻ ስለሆነ አይታወቅም። እውነተኛው ላባ መብቀል ሲጀምር ይለያል። በሁለቱም ላይ ግን «ድሮ ደህና ነበረች» የሚባል ነገር የለም።

ስለዚህ ዶሮዋን አንድ ጊዜ ሙሉ ላባ ለብሳ ካያችኋትና ኋላ ላይ ከተራቆተች፣ ዘሯን ከመውቀስ በፊት ሌላ ምክንያት ፈልጉ።

ዕድሜዋንም አስቡ። ጫጩት ላባ የምትለብሰው አንዴ ብቻ አይደለም። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ላባ ጠጉሩን ይተካል። ከዚያ ያ ላባ ራሱ እየረገፈ በሌላ ይተካል። ይሄ መቀያየር እስከ አምስት ወር ገደማ ይቀጥላል። የ45 ቀን ቄቦች ገዝቶ ያሳደገ ሰው ያውቀዋል፤ በመሃል ግማሹ የለበሰ ግማሹ የተራቆተ፣ የሚያስቅ መልክ ይይዛሉ። ይሄ ጤና ነው። አምስት ስድስት ወር ሳይሞላት ስለ ላባዋ አትፍረዱ። መላጣ አንገት ብቻ ከዚህ ውጭ ነው፤ እሱ ከመጀመሪያው ቀን የለየለት ነው።

የሰው ትዝታ ደግሞ አይታመንም። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ፎቶ ከጎን፣ አንድ ከኋላ አንሱ። ቀኑን ስልካችሁ ራሱ ይመዘግብላችኋል።

እዚሁ ላይ አንድ ነገር አጣሩ። እናትየው በእርግጥ እናቱ ናት? እኛ ዘንድ እንቁላል ከጎረቤት ይለመናል፣ ከሰኞ ገበያ ይገዛል፣ ከዚያ ማቀፍ ላማራት ዶሮ ይሰጣል። የጣለችው ሌላ፣ ያቀፈችው ሌላ። አባቱም ቢሆን የእናንተ አውራ ላይሆን ይችላል፤ አጥር ዘሎ የሚመጣ የጎረቤት አውራ ስንት ጫጩት አለው መሰላችሁ። «እናቱን አይመስልም» ብላችሁ ከመደነቃችሁ በፊት እንቁላሉ ከየት እንደመጣ አስታውሱ።

ደረጃ 2፦ ማታ ቆጥ ላይ ያዟት

ቀን ዶሮ ማሯሯጥ ለሰውም ለዶሮም አይመችም። ከመሸ በኋላ ቆጥ ላይ ስትሰፍር ሁለት እጃችሁን ክንፏ ላይ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ አንሱ። ጭናችሁ ላይ ነጭ ጨርቅ ዘርጉ። ሌላ ሰው ባትሪ ይያዝላችሁ።

ከፊንጢጣዋ ዙሪያ ጀምሩ። ከዚያ የክንፏን ሥር፣ ከዚያ የአንገቷን ጀርባ እዩ። ላባውን በአውራ ጣታችሁ ወደ ኋላ ግፉና ቆዳውን ተመልከቱ። ቅማል ሰውነቷ ላይ ይኖራል፤ ብርሃን ሲነካው ይሯሯጣል። ቅጫሙ በላባው ግርጌ እንደ ነጭ እብጠት ተጣብቆ ይታያል። ቀይ ቅንቅን ግን ቀን ቀን ዶሮዋ ላይ አታገኙትም። በቆጡ ስንጥቅ ውስጥ ተደብቆ ይውልና ማታ ወጥቶ ደም ይመጥጣል። ለዚህ ነው ማታ ያልኳችሁ። የቆጡን እንጨት ታች በነጩ ጨርቅ ጥረጉት፤ ቀይ ነጠብጣብ ከቀረ አግኝታችሁታል። ሌላም በጣም ትንሽ የሆነ፣ ላባው ከቆዳው በሚወጣበት ቦታ ሰርስሮ የሚገባ ቅንቅን አለ። እሱ ክፉኛ ያሳክካታልና ዶሮዋ ላባዋን ራሷ ትነቅላለች።

ተባይ ካገኛችሁ ቆጡን አውጡና በፈላ ውሃ እጠቡት፣ ስንጥቁን ድፈኑ፣ ደረቅ አመድና አፈር የምትንከባለልበት ቦታ አዘጋጁላት፣ መድኃኒቱን ከእንስሳት ሐኪም ጠይቁ። ለእህል የተገዛ ፀረ ተባይ ወይም ላምባ ዶሮ ላይ አትርጩ። ዶሮዋንም እንቁላሉን የሚበላውንም ሰው ይጎዳል።

አሁን ላባውን ራሱን እንይ። አንድ ረጅም የክንፍ ላባ ዘርግታችሁ በባትሪው ብርሃን ፊት ያዙት። መሃሉ ላይ አገዳ አለ። ከአገዳው ግራና ቀኝ ቀጫጭን ክሮች ይወጣሉ። ክሮቹን እርስ በርስ የሚያያይዙት በዓይን የማይታዩ መንጠቆዎች ናቸው። በጣታችሁ በትኗቸውና ከሥር ወደ ጫፍ መልሳችሁ ዳብሷቸው። ከገጠሙ መንጠቆዎቹ ደህና ናቸው። ከመጀመሪያው ላባዋ ጀምሮ የትኛውም ላባዋ አልገጥም ካለ፣ ሐር የመሰለ ላባ የሚያመጣውን ዘር ጠርጥሩ፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

ብርሃኑ ላይ እያለ ሌላም ነገር ፈልጉ። በላባው ወርድ የሚያልፍ፣ የሳሳ፣ ጠቆር ወይም ገረጣ ያለ ቀጭን መስመር አለ? ይሄ መስመር ላባው እያደገ ሳለ ዶሮዋ የተራበችበት፣ የታመመችበት ወይም ክፉኛ የደነገጠችበት ጊዜ ማኅተም ነው። ሌላውንም ክንፍ ዘርጉ። በሁለቱም ክንፍ፣ በብዙ ላባዎች ላይ፣ በተመሳሳይ ከፍታ ከታየ አንድ ክፉ ሳምንት አልፎባታል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ላባው የሚሰበረውም እዚያው መስመር ላይ ነው። ለጫጩቷ አይተላለፍም።

በመጨረሻ የተራቆተውን ቦታ በጣታችሁ ዳብሱት። የሚያጋጥማችሁ ከሦስት አንዱ ነው። አንደኛው እሾህ የሚመስል፣ ሥሩ ሰማያዊ የሆነ አዲስ ላባ ነው፤ ደም አለበትና አትነካኩት፣ እየበቀለ ነው። ሁለተኛው ተሰብሮ የቀረ አገዳ ነው። ሦስተኛው ለስላሳ ባዶ ቆዳ ነው።

ይቺ ልዩነት ቀላል አይደለችም። ከሥሩ የተነቀለ ላባ በጥቂት ሳምንታት ይተካል። ተሰብሮ አገዳው የቀረ ግን እስከሚቀጥለው የላባ መቀየሪያ ጊዜ ድረስ አይተካም። ስለዚህ ጀርባዋ ለብዙ ወር ተራቁቶ የቆየ ዶሮ አገዳዎቹ ከቆዳዋ ላይ ካሉ ዘሯ ላይ ጣት አትቀስሩ። የሰበረው ማን እንደሆነ ፈልጉ።

ደረጃ 3፦ የተራቆተው የት ነው?

ጀርባዋና የአናቷ ኋላ ከሆነ አውራው ነው። ሲወጣባት በጥፍሩ ይቧጥጣታል፣ በአፉ የአናቷን ላባ ይይዛል። አንድ አውራ ለስምንት እስከ አሥር ሴት ይበቃል። ሦስት ዶሮ ላይ አንድ ጎረምሳ አውራ ካሰማራችሁ ጀርባቸው አይተርፍም። ደረቷና ሆዷ ከሆነና ማቀፍ ካማራት፣ እንቁላሉን ቆዳዋ እንዲያሞቀው ራሷ ነቅላው ነው። የጅራቷ ሥርና ፊንጢጣዋ ዙሪያ ከሆነ ሌሎቹ እየነቀሉባት ነው፤ ጠበብ ያለ ቤት፣ ሥራ መፍታትና የፕሮቲን እጥረት ይሄን ያመጣሉ። አንገቷ ላይ ከፊት ብቻ ከሆነ መኖ ለመልቀም አንገቷን በሽቦ አጥር ውስጥ እያሾለከች እንደሆነ እዩ።

ከራስ ጀምሮ ወደ አንገት፣ ወደ ደረት፣ ወደ ክንፍና ጅራት ከወረደ ላባ እየቀየረች ነው። ይሄ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይወስዳል፣ እንቁላልም ታቆማለች። የፈረንጅ መጽሐፍ ይሄ የሚሆነው ቀኑ ሲያጥር በመከር ነው ይላል። እኛ ዘንድ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት ከአንድ ሰዓት ተኩል ባነሰ ስለሆነ እንዲህ የቁርጥ ወቅት የለውም። ካቀፈች በኋላ፣ መኖ ካጣች በኋላ፣ ከበሽታ ከዳነች በኋላ ሊመጣ ይችላል። ለዚህም ነው እኛ ዘንድ ላባ መቀየር በበሽታ የሚሳሳተው።

ስለ መኖ ትንሽ ላብዛ። ላባ ዘጠና በመቶ ገደማው ፕሮቲን ነው። በተለይ ድኝ ያለባቸውን እንደ ሜቲዮኒን ያሉ አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መሥሪያ ቁራጮች) ይፈልጋል። ግቢ ውስጥ ታስራ ፉርሽካና የእንጀራ ትራፊ ብቻ የምትበላ ዶሮ ሆዷ ይሞላል እንጂ ላባ መሥሪያ አታገኝም። ልቅ የምትውለው የሐበሻ ዶሮ ትልና ምስጥ ጭራ ታሟላለች፤ ጎመን ጓሮ ውስጥ የምትፈጽመው ጥፋት ከንቱ አይደለም። አርጊኒን የሚባለው አሚኖ አሲድ ሲያጥር ደግሞ የጫጩት የክንፍ ላባ ወደ ላይ ይጠቀለላል። ጥቅልል ላባ ያለው ዘር አገኘሁ ብሎ የሚደሰት ሰው አለ፤ ጫጩቱ ግን ተርቦ ነው። የሻገተ በቆሎም ላባ ያበላሻል። «ሌላ ምን ላድርገው፣ ለዶሮ ልስጠው» የሚባለው እህል ማለት ነው።

ፈተናው ቀላል ነው። ለስድስት እስከ ስምንት ሳምንት መኖውን አሻሽሉ። የኑግ ፋጉሎ፣ የተቆላ አኩሪ አተር ዱቄት፣ ከተገኘ የዓሣ ትራፊ ጨምሩ። ለደሴ ሰው ሐይቅ ከተማ ቅርብ ነው፤ የዓሣ ጭንቅላትና አጥንት አድርቆ መፍጨት አይከብድም። አዲስ የሚወጣው ላባ ደህና ሆኖ ከመጣ ጉዳዩ ተዘጋ፤ ዘር በመኖ አይቀየርም። ያው ሆኖ ከመጣ ወደሚቀጥለው እለፉ።

አንድ ማሳሰቢያ። በአንድ ጊዜ የተፈለፈሉ ብዙ ጫጩቶች ክንፋቸው ላይ ላባው ወደ ጎን ተንጨባሮ ከወጣ፣ ዕድገታቸውም ከቀጨጨና ተቅማጥ ካለ፣ አንጀት የሚያውክ የቫይረስ በሽታ ሊሆን ይችላል። ለሐኪም አሳዩ።

ደረጃ 4፦ ሴቷ አውራ ከመሰለች

ይሄ ሰፈር የሚያምሰው ነው። እንቁላል ስትጥል የኖረች ዶሮ ታቆማለች። ላባ ስትቀይር የአንገቷና የጅራቷ ላባ ሹልና የሚያብረቀርቅ የአውራ ላባ ሆኖ ይወጣል። አንዳንዷ ትጮኻለችም። የምትጮህ ሴት ዶሮ ገድ የላትም ተብላ ሳታድር የምትታረድበት ቤት ብዙ ነው።

ምክንያቱ ሌላ ነው። ዶሮ ላይ የሚሠራው የግራው የእንቁላል ማምረቻ አካል ብቻ ነው። የቀኙ ሳያድግ ይቀራል። የግራው በዕጢ፣ በበሽታ ወይም በእርጅና ሲበላሽ ሴቴ ሆርሞኑ ይቆማል። ያ ሆርሞን ሲጠፋ የሚበቅለው ላባ የአውራ ነው፤ የሴቷን ላባ የሴት የሚያደርገው ሆርሞኑ ነበርና። ይሄ አይወረስም። ልጆቿ ካሏችሁ በሰላም አሳድጓቸው። እሷ ግን እንቁላል ትሰጠኛለች ብላችሁ አትጠብቁ።

የተገላቢጦሹ ግን ይወረሳል። የሴት ላባ ለብሶ የሚያድግ፣ በሌላ ነገሩ ሁሉ ሙሉ አውራ የሆነ ዶሮ አለ። እንግሊዞች ያራቡት ሲብራይት የሚባለው ትንሽ ዶሮ በዚህ ይታወቃል። ቆዳው ውስጥ ወንዴውን ሆርሞን ወደ ሴቴ የሚቀይር ዘረመል፣ ማለትም ከወላጅ የሚወረስ የባሕርይ መመሪያ፣ ስላለ ነው።

ደረጃ 5፦ በእርግጥ የዘር የሆኑትን ዕወቁ

ጫጩት ለአብዛኛው ባሕርይ ከእናቷ አንድ፣ ከአባቷ አንድ የዘረመል ቅጂ ትወርሳለች። አንዱ ቅጂ ብቻውን የሚታይ ከሆነ ገዢ እንበለው። ለመታየት ሁለት ቅጂ የሚፈልገውን ድብቅ እንበለው። ከዚህ በላይ ትምህርት አያስፈልገንም።

መላጣ አንገት ገዢ ነው፣ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። አንድ ቅጂ ያላት ዶሮ አንገቷ ተራቁቶ ከፊት ከታች በኩል እንደ ክራቫት የተንጠለጠለች የላባ ቁንጢ ትተርፋታለች። ሁለት ቅጂ ያላት ቁንጢዋም የለችም፣ ወይም ሁለት ሦስት ላባ ብቻ ናት። ስለዚህ ይሄ ዘር በዓይን ብቻ ቅጂው ይቆጠራል። በሰውነቷ ላይ ያለውም ላባ ይቀንሳል፤ አንድ ቅጂ ከ20 እስከ 30 በመቶ፣ ሁለት ቅጂ ወደ 40 በመቶ። በ2011 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በስኮትላንድ የሮዝሊን ተቋም ተመራማሪዎች ምክንያቱን አወጡት። ከሌላ ክሮሞዞም (ዘረመሎችን የሚሸከም ክር) የመጣ ቁራጭ ሦስተኛው ክሮሞዞም ላይ ተሰክቶ፣ የላባ ቡቃያን የሚያፍን ፕሮቲን ቆዳው ውስጥ ያበዛል። የአንገት ቆዳ ደግሞ በተፈጥሮው ለዚህ ፕሮቲን ይበልጥ ስለሚደነግጥ ቀድሞ የሚራቆተው እሱ ነው። ከአሞራ ተዳቅሎ ነው የሚለው ቀልድ ነው።

ነገሩ የሚጥመኝ እዚህ ላይ ነው። ደሴ በ2,500 ሜትር ገደማ ላይ ከጦሳ ተራራ ሥር ተቀምጣለች። ኮምቦልቻ ቁልቁል ከ30 ኪሎ ሜትር ባነሰ መንገድ፣ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ያው አንድ ዘረመል ኮምቦልቻ ላይ ይጠቅማል፤ ዶሮዋ ሙቀቷን በአንገቷ ታስወጣለች፣ በጠራራ ፀሐይ አታለከልክም፣ መኖዋን አትተውም። ደሴ ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ያው ዶሮ የምትበላውን ለመሞቂያ ታውለዋለች። ዘረመል ጥሩ ወይም መጥፎ የሚባለው የት እንደምታሳድጉ ከታወቀ በኋላ ነው።

ጉትያም ገዢ ነው። ጉትያ ያላት ጫጩት አናቷ ላይ ያለው ጠጉር ከመጀመሪያው ቀን ያበጠ ይመስላል። ኋላ በሴቷ ላይ ክብ፣ በአውራው ላይ ወደ ኋላ የተነሰነሰ ይሆናል። ጉዳቱ አንድ ነው፤ ሲበዛ ዓይን ይጋርዳል፣ ጭልፊት ስትመጣ አታይም። ዓይኗ ላይ የወረደውን በመቀስ ከርክሙላት።

እግሩ ላይ ላባ ያለውም ብዙውን ጊዜ አንድ ቅጂ ይበቃዋል። በክረምት የደሴ ጭቃ ላባው ላይ እየደረቀ ጣት እስከማሳሰር ይደርሳል። የእግር ቅርፊት ውስጥ የሚገባ ቅንቅንም እዚያ ይሸሸጋል።

ጥቅልል ላባ ጠንቀቅ ይፈልጋል። አንድ ቅጂ ያለው ላባው ወደ ውጭና ወደ ላይ ይጠቀለላል፣ ሲታይ ያምራል። ሁለት ቅጂ ያለው ግን ላባው ተሰባሪ ሆኖ ይረግፍና ዶሮው ሊራቆት ምንም አይቀረው። በ2012 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የታወቀው ምክንያት የላባ አገዳ በሚሠራ አንድ የኬራቲን ዘረመል ላይ የጎደለ ቁራጭ ነው። ሁለት ጥቅልሎችን እርስ በርስ አታዳቅሉ። ከአራት ጫጩት አንዱ በደሴ ብርድ የማይተርፍ ይሆናል። ጥቅልሉን ከተራ ላባ ጋር አገናኙት፤ ግማሾቹ ጥቅልል ይሆናሉ፣ አንዱም አይራቆትም።

ሐር መሰል ላባ ድብቅ ነው። ሰው «ከየት መጣ?» የሚለው በዚህ ነው። ሁለት ደህና ላባ ያላቸው ወላጆች፣ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ቅጂ ደብቀው፣ መንጠቆ የሌለው ጨርቃ ጨርቅ የመሰለ ላባ ያለው ጫጩት ይወልዳሉ። ዝናብ ያበሰብሰዋል፣ ቆጥ ላይም መብረር ያቅተዋል። ዝቅ ያለ ቆጥና ደረቅ ቤት አዘጋጁለት።

ላባ ዘግይቶ ማብቀልም ይወረሳል፣ ግን መንገዱ የተለየ ነው። ዘረመሉ ፆታ የሚወስነው ክሮሞዞም ላይ ነው። ዶሮ ደግሞ ከከብት ተቃራኒ ናት፤ ሁለት አንድ ዓይነት የፆታ ክሮሞዞም ያለው አውራው ነው። እናት ይሄን ዘረመል ለወንድ ልጆቿ ብቻ ታወርሳለች፣ ለሴቶቹ የሚደርሳቸው ከአባታቸው ነው። በመሆኑም ላባው ፈጥኖ የሚበቅል አውራ ዘግይታ ከምታበቅል ሴት ጋር ከተገናኘ፣ ወንድ ጫጩቶቹ ይዘገያሉ፣ ሴቶቹ ይፈጥናሉ። መፈልፈያ ጣቢያዎች የአንድ ቀን ጫጩት ፆታ በክንፍ ላባ የሚለዩት በዚህ ስሌት ነው። እናንተም ጓሮ ውስጥ «ግማሾቹ ላባ አላበቀሉም» ስትሉ ያልበቀለላቸው ወንዶቹ ብቻ እንደሆኑ እዩ።

ደረጃ 6፦ አሳቅፉና ቁጠሩ

እስካሁን ካልተለየ ጫጩቶቹ ይናገሩ። እንግዳ ላባ ያላትን ዶሮ ከሌሎች አውራዎች ለዩ። ሦስት ሳምንት ጠብቁ። ይሄ የግድ ነው፤ ዶሮ የአውራን ዘር በሰውነቷ ውስጥ እስከ ሦስት ሳምንት ድረስ ማቆየት ትችላለች። ዛሬ ለይታችሁ ነገ የለቀማችሁት እንቁላል አባቱ የትናንቱ ነው።

ከዚያ ዘመድ ካልሆነ፣ ተራ ላባ ካለው አውራ ጋር አገናኟት። እንቁላሏን በየቀኑ ለቅማችሁ በእርሳስ ቀኑን ጻፉበት፣ ሹል ጫፉን ወደ ታች አድርጋችሁ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስቀምጡ። ከአሥር ቀን በላይ አታቆዩት። አሥራ ሁለት አሥራ ሦስት ሲሞላ አሳቅፉ። በሰባተኛው ቀን ማታ በባትሪ አብሩበትና የደም ሥር የሌለውን አውጡ። በ21ኛው ቀን ይፈለፈላሉ። ጫጩቶቹን በእግራቸው ላይ በቀለም ክር ምልክት አድርጉባቸው፤ እግራቸው ሲወፍር እንዳይቆርጠው ክሩን በየሳምንቱ ፍቱና እሰሩ።

አሁን ቁጥሩ። ላባው ገዢ ዘረመል ከሆነና እናትየው አንድ ቅጂ ካላት፣ እያንዳንዱ ጫጩት የመውረስ ዕድሉ ግማሽ ነው። አምስት ጫጩት አድጎ አንዱም ካልወረሰ፣ ያ በአጋጣሚ የመሆኑ ዕድል ሦስት በመቶ ገደማ ነው። ገዢ አይደለም ብላችሁ መዝግቡ። ሁሉም ከወረሱ ሁለት ቅጂ አላት ማለት ነው።

ሁሉም ደህና ከሆኑ ግን ነፃ አልወጣችም፣ ድብቅ ሊሆን ይችላልና። አንዱን ወንድ ልጇን አሳድጉና ከእናቱ ጋር አገናኙት። ለአንድ ጊዜ፣ ለሙከራ ብቻ። ድብቅ ከነበረ ከጫጩቶቹ ግማሽ ያህሉ እንደ አያታቸው፣ ያው እናታቸውም ናት፣ ይሆናሉ። ሰባት ስምንት ጫጩት ደህና ከወጡ ነገሩ ከዘር አይደለም። ወንድሙን ከእህቱ ጋር ካገናኛችሁት ግን ዕድሉ ሩብ ብቻ ስለሆነ ቢያንስ አሥራ ሁለት ጫጩት ያስፈልጋችኋል፤ ለዚህ ነው ከእናት ጋር ያለው የሚሻለው። የሙከራውን ጫጩቶች ለበዓል አውሉ፣ ለዘር አታስቀሩ። ዝምድና ሲደጋገም የመፈልፈል አቅምም ጥንካሬም ይወርዳል።

የምታረቡት ከማዕከል የተገዙ የተዳቀሉ ዶሮዎች ከሆኑ ይሄ ስሌት ይዛባል። ሳሶም ሆነ ቦቫንስ ብራውን ከተለያዩ ዘሮች የተዳቀሉ ናቸው። የልጆቻቸው ቀለምና ላባ ከወላጆቹ በየአቅጣጫው ይበተናል። እዚያ ላይ የሚወጣ እንግዳ ጫጩት አያቶቹ ውስጥ የነበረ ነገር ነው፤ አዲስ የተፈጠረ አድርጋችሁ አትመዝግቡት።

ደረጃ 7፦ ምን ላድርጋት?

ከዘር ካልሆነ ምክንያቱን አክሙ፣ ዶሮዋም ለማሳቀፍ ትሁን። ከዘር ሆኖ የማይጎዳ ከሆነ ጉዳዩ የገበያና የፍላጎት ነው። ለፋሲካም ሆነ ለአረፋ ዶሮ የሚመርጥ ሰው መላጣ አንገቱን አገላብጦ አይቶ ወደ ገብስማው ወይም ወደ ቀዩ ይሄዳል። ለሽያጭ የምታሳድጉ ከሆነ ይሄን አስቡበት። ለቤት ከሆነ ግን ለመንጨት ከመላጣ አንገት የሚቀል የለም፤ ግማሽ ሥራው አስቀድሞ ተሠርቷል።

ደሴ ላይ መላጣ አንገት ለማቆየት ከወሰናችሁ አውራውን ተራ ላባ ያለው አድርጉ። ጫጩቶቹ ቢበዛ አንድ ቅጂ ብቻ ይይዛሉ፣ ያቺ ቁንጢና ደህና የሰውነት ላባ ትተርፋቸዋለች። ቆጡን ነፋስ ከሚመጣበት ግድግዳ አርቁ፣ ወለሉ ላይ የጤፍ ገለባ ወፈር አድርጋችሁ አንጥፉ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ማታ ማታ ቆጥ ከመውጣታቸው በፊት አንድ እፍኝ በቆሎ ጨምሩላቸው። ባለ ሁለት ቅጂዎቹን ኮምቦልቻ ዘመድ ካላችሁ ላኩለት፤ እዚያ ይሻላቸዋል።